የምድርን ውስጥ የሚያዳምጡ መሣሪያዎች፦ በነዳጅ ፍለጋ ሥራ የሴይስሚክ ዳሳሾች ምንነት፣ አሠራርና ወሰን

ነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ የሚገኙት ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ አምስት ኪሎ ሜትር በሚደርስ ጥልቀት ውስጥ ነው። አንድ ጥልቅ የፍለጋ ጉድጓድ ለመቆፈር የሚያስፈልገው ወጪ በአስር ሚሊዮኖች በሚቆጠር ዶላር የሚገመት ሲሆን፣ ጉድጓዱ ባዶ ሆኖ ከተገኘ የወጣው ገንዘብ አይመለስም። በመሆኑም መሰርሰሪያው ከመተከሉ በፊት ከመሬት በታች ያለውን የዓለት አቀማመጥ ማወቅ ግድ ይላል። ለዚህ ዓላማ በዓለም ዙሪያ ከማናቸውም ዘዴ ይልቅ የሚሠራበት የሴይስሚክ ጥናት ነው። የጥናቱ ዋና መሣሪያ ደግሞ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ የመሬት ንዝረቶችን የሚመዘግብ ዳሳሽ፣ በተለምዶ ሴንሰር የሚባለው ነው።

የጥናት ቡድን ወደ አንድ ወረዳ ሲመጣ አርሶ አደሩ በማሳው ላይ ሽቦ ሲዘረጋ፣ ትንንሽ ካስማዎች ሲተከሉ፣ ከባድ ተሽከርካሪዎች ቆመው መሬቱን ሲያንቀጠቅጡ ያያል። «ነዳጅ ተገኘ» የሚል ወሬም ወዲያው ይነዛል። መሣሪያዎቹ ምን እንደሚለኩ፣ ምን መናገር እንደሚችሉና እንደማይችሉ ማወቅ ከተጋነነ ተስፋም ከከንቱ ስጋትም ይጠብቃል።

የገደል ማሚቶ ሥርዓት

የሴይስሚክ ጥናት መሠረተ ሐሳብ ማንኛውም እረኛ የሚያውቀው ነው። ከገደል ፊት ለፊት ቆሞ የጮኸ ሰው ድምፁ ተመልሶ ይሰማዋል። ገደሉ በራቀ ቁጥር ማሚቶው ይዘገያል። የድምፁን ፍጥነትና የዘገየበትን ጊዜ የሚያውቅ ሰው የገደሉን ርቀት ማስላት ይችላል። ነዳጅ ፈላጊዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ልዩነቱ ጩኸቱ ወደ መሬት ውስጥ መላኩ ነው።

ምድር ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ዓለት አይደለችም። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ መንገደኛ ይህን በዓይኑ ይመለከታል። ከላይ ጥቁሩ የባዛልት ድንጋይ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ጂፕሰምና የሸክላ ዓለት፣ ከዚያም በታች የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ እየተባለ የሚጠራው ንብርብር ተከታትሎ ተደርድሯል። ወንዙ በሚሊዮን ዓመታት ቆርጦ ባያሳየን ኖሮ ይህ ሁሉ ከእርሻ መሬት ሥር ተሸሽጎ በቀረ ነበር። የሴይስሚክ ጥናት ወንዝ ያልቆረጠውን የመሬት ውስጥ በንዝረት እየለካ የሚያሳይ ዘዴ ነው።

ንዝረት በየዓለቱ የሚጓዝበት ፍጥነት ይለያያል። በልል አፈር ውስጥ በሰከንድ ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ሲጓዝ፣ በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1 ሺህ 500 ሜትር ያህል፣ በጠንካራ የኖራ ድንጋይና በባዛልት ውስጥ ደግሞ በሰከንድ 5 ሺህ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊጓዝ ይችላል። ንዝረቱ ከአንዱ ንብርብር ወደ ሌላው በሚሸጋገርበት ወሰን ላይ ከፊሉ ወደ ታች ያልፋል፤ ከፊሉ ነጥሮ ወደ ገጸ ምድር ይመለሳል። ተመላሹን የሚቀበሉት ዳሳሾቹ ናቸው።

አንድ ምሳሌ ስሌቱን ግልጽ ያደርገዋል። የተላከው ንዝረት ከ2 ሰከንድ በኋላ ተመልሶ ቢመጣና በመንገዱ ያለው አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 3 ሺህ ሜትር ቢሆን፣ ንዝረቱ ደርሶ መልስ 6 ሺህ ሜትር ተጉዟል ማለት ነው። ስለዚህ ያነጠረው ዓለት ያለው በ3 ሺህ ሜትር ጥልቀት ላይ ነው።

የሚፈለገው የነዳጅ ሐይቅ አይደለም

ብዙ ሰዎች ነዳጅ ከመሬት በታች እንደ ሐይቅ ተንጣሎ የሚገኝ ይመስላቸዋል። እውነታው ከዚህ ይለያል። ነዳጅ የሚፈጠረው በጥንት ባሕርና ሐይቅ ወለል ላይ ከጭቃ ጋር የተቀበሩ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ለሚሊዮን ዓመታት በሙቀትና በግፊት ሲበስሉ ነው። ይህ የሚከናወንበት ዓለት እናት ዓለት ይባላል። ከዚያ የወጣው ዘይትና ጋዝ ከውኃ ስለሚቀል በአሸዋ ድንጋይ ወይም በኖራ ድንጋይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ወደ ላይ እየሰረገ ይጓዛል። ውኃን በያዘ ስፖንጅ ቢመሰል ይቀርባል።

በጉዞው መንገድ የሚያግደው ነገር ካላገኘ እስከ ገጸ ምድር ወጥቶ ይባክናል። እንደ ሸክላና ጨው ያለ የማያሳልፍ ክዳን ዓለት ካገኘ ግን ከሥሩ ይጠራቀማል። ክዳኑ እንደ ጎጆ ጣሪያ ከመካከሉ ከፍ ብሎ ወደ ጎን ያዘቀዘቀ ከሆነ ወይም መሬቱ ተሰንጥቆ አንዱ ወገን ከሌላው ከፍ ካለ፣ የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ወጥመድ የሚሉት ቅርጽ ይፈጠራል። የሴይስሚክ ጥናት በዋናነት የሚፈልገው ይህን የወጥመድ ቅርጽ እንጂ ዘይቱን ራሱን አይደለም።

የመቶ ዓመት ጉዞ

የመሬትን መንቀጥቀጥ በመሣሪያ የማወቅ ፍላጎት ጥንታዊ ነው። በቻይና ጃንግ ሄንግ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ132 የመሬት መንቀጥቀጥን የሚጠቁም መሣሪያ መሥራቱ በታሪክ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአየርላንዱ መሐንዲስ ሮበርት ማሌት ባሩድ እያፈነዳ ንዝረት በመሬት ውስጥ የሚጓዝበትን ፍጥነት ለመለካት ሞክሯል።

ዘዴው ለነዳጅ ፍለጋ የዋለው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በጦርነቱ ወቅት የጠላት መድፍ ያለበትን ቦታ ከንዝረቱና ከድምፁ ለማወቅ የተደረገው ጥረት ለዚህ መንገድ ጠርጓል። ጀርመናዊው የማዕድን ቀያሽ ሉድገር ሚንትሮፕ የዓለቶችን አቀማመጥ በሰው ሠራሽ ንዝረት የመለየት ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1919 በፈጠራ መብት አስመዘገበ። የእርሱ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1924 በቴክሳስ ጠረፍ ኦርቻርድ የተባለውን የተቀበረ የጨው ጉልላት ለማግኘት አስችሏል።

በአሜሪካ በኩል ደግሞ ጆን ክላረንስ ካርቸርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1921 በኦክላሆማ ግዛት ከዓለት ወሰን ነጥሮ የሚመለስን ንዝረት መመዝገብ እንደሚቻል በሙከራ አሳዩ። ዛሬም በመላው ዓለም የሚሠራበት ይህ የነጸብራቅ ዘዴ ነው። ካርቸር ከዩጂን ማክደርሞት ጋር እ.ኤ.አ. በ1930 ያቋቋመው የጥናት ድርጅት፣ ለነዳጅ ፍለጋ ባዳበረው የኤሌክትሮኒክስ ሙያ ተመርኩዞ ኋላ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የተባለው ታዋቂ ኩባንያ ለመሆን በቅቷል።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኮኖኮ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ባለሙያዎች ፈንጂን የሚተካ የአንቀጥቃጭ ተሽከርካሪ ዘዴ ፈጠሩ። በ1960ዎቹ በወረቀትና በማግኔት ቴፕ የነበረው ምዝገባ ወደ ዲጂታል ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1967 በሂውስተን አቅራቢያ በፍሬንድስውድ የተካሄደው ጥናት ደግሞ የመሬት ውስጥን ከርዝመትና ከጥልቀት በተጨማሪ በስፋትም የሚያሳየው የሦስት አቅጣጫ ምስል ፈር ቀዳጅ ሆኗል።

ጂኦፎን እንዴት ይሠራል?

በየብስ ላይ ለረጅም ዘመን ያገለገለውና ዛሬም ብዙ ጥቅም የሚሰጠው ዳሳሽ ጂኦፎን ይባላል። መጠኑ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ሲሆን፣ ከታች በኩል መሬት ውስጥ የሚሰካ የብረት ሹል አለው። በውስጡ ያሉት ዋና ክፍሎች ሦስት ናቸው፦ ማግኔት፣ በማግኔቱ ዙሪያ የሚገኝ የቀጭን መዳብ ሽቦ ጥቅልና ጥቅሉን አንጠልጥሎ የያዘ ስስ ሞላ።

መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ከዕቃው አካል ጋር የተጣበቀው ማግኔት አብሮ ይንቀሳቀሳል። በሞላ የተንጠለጠለው የሽቦ ጥቅል ግን ባለበት ለመቆየት ይሞክራል። በድንገት ሲነሣ አውቶቡስ ውስጥ የቆመ ተሳፋሪ ወደ ኋላ የሚንገዳገደው በዚሁ ምክንያት ነው። ማግኔትና ሽቦ አንዱ ከሌላው አንጻር ሲንቀሳቀሱ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። የኤሌክትሪኩ መጠን ከመሬቱ የመንቀሳቀስ ፍጥነት ጋር ስለሚመጣጠን ንዝረቱ በቁጥር ሊመዘገብ ይችላል። ተራ ጂኦፎን ይህን ለማድረግ ባትሪ አያስፈልገውም፤ ኤሌክትሪኩን የሚያመነጨው ራሱ ንዝረቱ ነው።

በባሕር ላይ ግን መሬት ውስጥ የሚሰካ ዕቃ አይሠራም። እዚያ የሚያገለግለው በውኃ ውስጥ ያለን የግፊት ለውጥ የሚመዘግበው ሃይድሮፎን ነው። ሃይድሮፎኖች በኪሎ ሜትሮች በሚረዝም ገመድ ተደርድረው በመርከብ ይጎተታሉ፤ ንዝረቱም በታመቀ አየር ይፈጠራል።

ከመሬት ጥልቀት የሚመለሰው ንዝረት እጅግ ደካማ በመሆኑ ዳሳሹ ከመሬቱ ጋር በሚገባ መያያዝ አለበት። በልል አፈር ላይ ዘምሞ የተተከለ ወይም በሣር ላይ የተቀመጠ ጂኦፎን የተሳሳተ መረጃ ይሰጣል። በዚህ ምክንያት የመስክ ሠራተኞች አፈሩን ጠርገው፣ ሹሉን ቀጥ አድርገው በጥንቃቄ ይተክሉታል።

ንዝረቱ ከየት ይመጣል?

የነዳጅ ፍለጋ ቡድን የተፈጥሮን መንቀጥቀጥ አይጠብቅም፤ ንዝረቱን ራሱ ይፈጥራል። በየብስ ላይ የሚሠራባቸው ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው ድማሚት ነው። ከጥቂት ሜትሮች እስከ አሥርና ሃያ ሜትሮች የሚጠልቅ ጠባብ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ትንሽ ፈንጂ ከታች ይቀመጥና ጉድጓዱ ከተደፈነ በኋላ ይፈነዳል። ይህ መንገድ ተሽከርካሪ በማይገባባቸው ተራራማና ረግረጋማ ቦታዎች ይመረጣል።

ሁለተኛው አንቀጥቃጭ ተሽከርካሪ ነው። ክብደቱ ከ20 ቶን በላይ ሊሆን የሚችለው ይህ መኪና ከሆዱ ሥር ያለውን ሰፊ የብረት ሳህን መሬት ላይ አስቀምጦ ክብደቱን ይጭንበታል፤ ከዚያም ለጥቂት ሰከንዶች ከወፍራም እስከ ቀጭን ድምፅ ባለው ቅደም ተከተል መሬቱን ያርገበግባል። በአንድ ጊዜ ከሚፈነዳው ድማሚት በተለየ ኃይሉን በጊዜ ከፋፍሎ ስለሚያወጣ በመንደርና በከተማ አቅራቢያ ለመሥራት ይመቻል። ኮምፒውተሩ ወደ መሬት የተላከውን «ዜማ» አስቀድሞ ስለሚያውቀው፣ ከተመዘገበው ጫጫታ ውስጥ ያንኑ ዜማ እየፈለገ የማሚቶውን መድረሻ ጊዜ ይለያል።

የመስክ ሥራና የጫጫታ ችግር

አንድ ጂኦፎን ብቻውን ምስል አይሰጥም። ዳሳሾቹ በመስመር ወይም በመረብ መልክ በአሥሮች ሜትር ልዩነት ይተከላሉ። በትላልቅ ዘመናዊ ጥናቶች በአንድ ጊዜ የሚያዳምጡት መቀበያዎች በአሥር ሺዎች ሊቆጠሩ ይችላሉ። ንዝረት ፈጣሪው ከነጥብ ወደ ነጥብ እየተዛወረ ሥራውን ይደጋግማል፤ ስለዚህ ከመሬት በታች ያለው እያንዳንዱ ነጥብ ከተለያየ አቅጣጫ ብዙ ጊዜ ይለካል። ንባቦቹ ሲደመሩ እውነተኛው ማሚቶ ይጎላል፣ ድንገተኛው ጫጫታ ይደበዝዛል።

ዳሳሾቹ ስሱ በመሆናቸው የማይፈለገውንም ሁሉ ይሰማሉ። የነፋስ ግፊት፣ የዛፍ ሥር መወዛወዝ፣ የመኪና ጉዞ፣ የወፍጮ ቤት ሞተር፣ በአቅራቢያ የሚያልፍ የከብት መንጋ ኮቴ ሁሉ ይመዘገባል። የጥናት ቡድኖች በምዝገባ ሰዓት ነዋሪዎች ከመስመሩ ለጥቂት ጊዜ እንዲርቁ የሚጠይቁት በዚህ ምክንያት ነው። የተተከለ ጂኦፎን መንቀል ወይም ገመድ መቁረጥም በዚያ ቦታ የተደረገውን ልኬት በሙሉ ሊያበላሽና ቡድኑ ወደ ማሳው ደግሞ እንዲመለስ ሊያስገድድ ይችላል።

ከንባብ ወደ ምስል

ከመስክ የሚመጣው መረጃ በቀጥታ ሲታይ የተዘበራረቀ የመስመር ክምር ነው። ባለሙያዎች በኮምፒውተር ጫጫታውን ያጣራሉ፣ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ ያስተካክላሉ፣ የየንብርብሩን የንዝረት ፍጥነት ይገምታሉ፣ ዘንበል ካለ ዓለት የተመለሰውን ማሚቶም ወደ ትክክለኛ ቦታው ይመልሳሉ። ይህ ሥራ ወራት ሊወስድ ይችላል። በመጨረሻ የሚገኘው ምስል የመሬትን ውስጥ እንደ ተቆረጠ ዳቦ ያሳያል።

ምስሉ ግን ወሰን አለው። የንዝረቱ ፍጥነት በሰከንድ 3 ሺህ ሜትር፣ የርግብግቢቱ ብዛት ደግሞ በሰከንድ 30 ጊዜ ቢሆን፣ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 100 ሜትር ይሆናል። በዘርፉ ልማድ ተለይቶ ሊታይ የሚችለው የንብርብር ውፍረት የዚህ ሩብ፣ ማለትም 25 ሜትር ያህል ነው። ከዚያ የቀጠነ ንብርብር ከጎረቤቱ ጋር ተዋሕዶ ይታያል። በጠለቁ ቁጥር ደግሞ ቀጫጭኑ ድምፅ በዓለቱ እየተዋጠ ስለሚቀር ምስሉ ይበልጥ ይደበዝዛል።

አዳዲስ ዳሳሾች

ባለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት የዳሳሽ ቴክኖሎጂ በሦስት አቅጣጫ ተለውጧል።

የመጀመሪያው በሲሊኮን ቅንጣት ላይ የሚሠራው እጅግ ጥቃቅን የፍጥነት ለውጥ መለኪያ ነው። የእጅ ስልክ ሲዘቀዘቅ ስክሪኑ አብሮ እንዲዞር የሚያደርገው ዕቃ የዚህ ቤተሰብ አባል ነው። ለነዳጅ ፍለጋ የሚሠራው ግን ከስልኩ እጅግ የላቀ ስሜት አለው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ሳይሆን በሦስት አቅጣጫ የሚደረግን እንቅስቃሴም ሊመዘግብ ይችላል።

ሁለተኛው ገመድ አልባው መቀበያ ነው። ባትሪ፣ ማስታወሻና የሳተላይት ሰዓት በአንድ ላይ የያዘው ይህ ዕቃ ለብቻው ተተክሎ ለሳምንታት ያዳምጣል። በአሮጌው ዘዴ ለገመድ ዝርጋታ ሰፊ መስመር መመንጠር ያስፈልግ ነበር። ገመድ አልባው ሠራተኛው በእግር ተሸክሞት በማሳ ወሰንና በዛፎች መካከል እንዲያልፍ ስለሚያስችል በሰብልና በደን ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ይቀንሳል።

ሦስተኛው ፋይበር ኦፕቲክ ነው። ለኢንተርኔት የሚያገለግለው ዓይነት የመስታወት ክር በጉድጓድ ውስጥ ወይም በመሬት ሥር ይዘረጋል፤ ከአንድ ጫፍ የሌዘር ብርሃን ይላክበታል። ንዝረት ክሩን በጥቂቱ ሲስበው ወይም ሲጨቁነው ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይለወጣል። በዚህ መንገድ ኪሎ ሜትሮች የሚረዝመው ክር ራሱ በሺዎች የሚቆጠሩ ዳሳሾችን ሥራ ይሠራል።

ዳሳሹ የማይናገረው

ሕዝቡ ሊገነዘበው የሚገባው ዋና ቁም ነገር የሴይስሚክ ዳሳሽ ነዳጅን «የማያሸት» መሆኑ ነው። ዳሳሹ የሚለካው ንዝረትን ብቻ ነው። ወጥመድ የሚመስል ቅርጽ ተገኘ ማለት በውስጡ ነዳጅ አለ ማለት አይደለም። ወጥመዱ ውኃ ብቻ ሊይዝ ይችላል፤ እናት ዓለቱ አልበሰለ ወይም ከልክ በላይ በስሎ ሊሆን ይችላል፤ ክዳኑ ተሰንጥቆ ነዳጁ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት አምልጦ ሊሆንም ይችላል።

ጋዝ በዓለት ቀዳዳዎች ውስጥ ሲኖር ማሚቶውን አጠንክሮ «ደማቅ ነጥብ» የሚፈጥርበት ጊዜ አለ። ይህ ምልክት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ብዙ ግኝቶችን አስገኝቷል። ሆኖም ለገበያ የማይበቃ ጥቂት ጋዝም ተመሳሳይ ድምቀት ሊሰጥ ስለሚችል ፈላጊዎችን ያሳሳተበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የመጨረሻው ማረጋገጫ ቁፋሮ ብቻ ነው።

ለዚህ የቅርብ ማስረጃ አለ። በኬንያ ቱርካና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2012 ንጋሚያ በተባለው ጉድጓድ ነዳጅ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፣ ቱሎው ኦይል የተባለው ኩባንያ በዚያው የስምጥ ሸለቆ መስመር በኢትዮጵያ ደቡብ ኦሞ ሳቢሳ፣ ቱልቱሌ፣ ሺሜላና ጋርዲም የተባሉ ጉድጓዶችን ቆፈረ። የሴይስሚክ ጥናቱ ቁፋሮ የሚገባቸው ቅርጾችን አሳይቶ ነበር፤ በአንዳንዶቹ ጉድጓዶችም የነዳጅ ምልክት ታይቷል። ለገበያ የሚበቃ ክምችት ግን አልተገኘም።

የኢትዮጵያ ተሞክሮ

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የነዳጅ ፍለጋ የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጋር ተያይዞ ሲንክሌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኦጋዴን ፈቃድ ባገኘ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ቴኔኮ የተባለው ሌላው የአሜሪካ ኩባንያ በካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ አገኘ፤ የሂላላ ግኝትም ተከተለ። በደርግ ዘመን የሶቪየት ኅብረት ባለሙያዎች በዚያው አካባቢ ተጨማሪ ጥናትና ቁፋሮ አካሂደዋል። በሰኔ ወር 2010 ዓ.ም የሙከራ የድፍድፍ ነዳጅ ምርት መጀመሩ ይፋ የተደረገ ሲሆን፣ በመስከረም ወር 2018 ዓ.ም ደግሞ የካሉብ ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመርቋል። ከግኝቱ እስከ ምርቱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ መውሰዱ፣ ነዳጅ መገኘትና ነዳጅ ማምረት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ያሳያል።

የፍለጋው ታሪክ ሐዘንም ያለበት ነው። በሚያዝያ ወር 1999 ዓ.ም በሶማሌ ክልል ኦቦሌ በሚገኝ የነዳጅ ፍለጋ ጣቢያ ላይ በተፈጸመ ጥቃት ከ70 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

ለካሉብ ጋዝ መከማቻ ከሆኑት ዓለቶች አንዱ በዓባይ በረሃ ግርጌ የሚታየው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ንብርብር ነው። በደቡብ ወሎ ወረኢሉ አካባቢም ከመሬት የሚሰርግ የዘይት ምልክት መኖሩ በጂኦሎጂ ጥናቶች ተመዝግቧል። እነዚህ ሁለት እውነታዎች የዓባይ ተፋሰስ የፈላጊዎችን ዓይን እንዲስብ አድርገዋል። ምልክቱ ከመሬት በታች ነዳጅ የተፈጠረበት ዘመን እንደነበረ ይጠቁማል፤ ለምርት የሚበቃ ክምችት መኖሩን ግን አያረጋግጥም።

በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ላይ የሴይስሚክ ጥናትን የሚፈታተን አንድ ትልቅ እንቅፋት አለ። ይህም ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በእሳተ ገሞራ የፈሰሰው የባዛልት ሽፋን ነው። ሽፋኑ በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ በኪሎ ሜትር ይለካል። ባዛልቱ ጠንካራና ንዝረትን በፍጥነት የሚያስተላልፍ ስለሆነ፣ ከላይ የተላከውን ኃይል አብዛኛውን መልሶ ያነጥራል፣ የቀረውንም ይበታትናል። ከሥሩ ካሉት የደለል ዓለቶች የሚመለሰው ማሚቶ ደካማና የተዛባ ይሆናል። በበር ላይ በተንጠለጠለ ወፍራም ጋቢ በኩል የጓዳ ወሬ ለመስማት እንደመሞከር ያለ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ፈላጊዎች የሴይስሚኩን ጥናት ከመሬት ስበት ልኬት፣ ከማግኔት ልኬትና ከመሬት ውስጥ የኤሌክትሪክ ልኬት ጋር አጣምረው ይሠራሉ።

ለአርሶ አደሩና ለከተማው ነዋሪ

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የነዳጅ ፍለጋና ምርት በ1978 ዓ.ም በወጣው የነዳጅ ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 295 ይመራል፤ ፈቃድ የሚሰጠውም የፌዴራል መንግሥት ነው። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የመሬት ይዞታ ስለሚለቀቅበትና ካሣ ስለሚከፈልበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ በጊዜያዊነት የሚለቀቅ ይዞታንም ይመለከታል።

የሴይስሚክ ጥናት ጊዜያዊ ሥራ ነው። ቡድኑ በአንድ ማሳ ላይ የሚቆየው ብዙውን ጊዜ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ነው። ይህ ማለት ግን ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ከባድ ተሽከርካሪ እርጥብ መሬትን ያጠብቃል፤ ሰብል ይረገጣል፤ የተከፈተ አጥር ከብት ያስገባል፤ ያልተደፈነ የድማሚት ጉድጓድ እግር ይሰብራል። በምንጭ፣ በጉድጓድ ውኃ፣ በቤት፣ በቤተ እምነትና በመቃብር ቦታ አጠገብ ንዝረት ከመፈጠሩ በፊት ተገቢው ርቀት ሊጠበቅ ይገባል። ርቀቱ እንደ ፈንጂው መጠንና እንደ መሬቱ ዓይነት ይለያያል።

ስለሆነም ጥናት በሚካሄድበት አካባቢ ያለ ነዋሪ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በቀበሌው በኩል ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጉዳዮች አሉ፦

• ቡድኑ ፈቃድ ያለው ስለመሆኑና ሥራው የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ጊዜ፤
• መስመሩ በየትኞቹ ማሳዎች እንደሚያልፍና ሥራው ከአዝመራው በኋላ ሊደረግ ይችል እንደሆነ፤
• ድማሚት ወይስ አንቀጥቃጭ ተሽከርካሪ እንደሚጠቀም፤
• ለተጎዳ ሰብል፣ ዛፍና አጥር ካሣው በማን፣ በምን ስሌትና መቼ እንደሚከፈል፤
• ጉድጓዶች እንደሚደፈኑና መሬቱ ወደ ነበረበት እንደሚመለስ።

የማሳን፣ የቤት ግድግዳንና የውኃ ጉድጓድን ሁኔታ ከሥራው በፊት ከቀበሌ ተወካይ ጋር አይቶ መመዝገብና በእጅ ስልክ ፎቶ ማንሣት ኋላ ለሚነሣ ክርክር ማስረጃ ይሆናል። ከሥራው በኋላ በማሳ ላይ ያልታወቀ ሽቦ ወይም ያልፈነዳ ነገር የሚያገኝ ሰው ሊነካው አይገባም፤ ልጆችን አርቆ ወዲያውኑ ለፖሊስ ወይም ለቀበሌ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

የመሬት መንቀጥቀጥ ያስከትላል?

በ2017 ዓ.ም በአፋርና በኦሮሚያ አዋሳኝ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የተከሰተው ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ከተሰማ ወዲህ ይህ ጥያቄ በብዙዎች አእምሮ አለ። ለጥናት የሚፈጠረው ንዝረት ከተፈጥሮ መንቀጥቀጥ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው። በቅርብ ርቀት በእግር ይሰማል እንጂ ርቆ የሚሄድ ጉዳት አያደርስም። የፈንታሌው መንቀጥቀጥ በስምጥ ሸለቆው የምድር ቅርፊት መለያየትና በቅልጥ ዓለት እንቅስቃሴ የመጣ ነው።

ከፍለጋው በኋላ የሚመጣው የምርት ሥራ ግን ለየብቻ መታየት አለበት። በኦክላሆማ ከነዳጅ ጋር የሚወጣው ጨዋማ ውኃ በብዛት ወደ ጥልቅ ዓለት መመለሱ የመሬት መንቀጥቀጥን እንዳበዛ በጥናት ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 በፖኒ ከተማ አቅራቢያ የደረሰው 5 ነጥብ 8 መጠን ያለው መንቀጥቀጥ በዚያች ግዛት ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛው ነው። የነጸብራቅ ዘዴ የተወለደባት ግዛት ይህን ማየቷ፣ ፍለጋውም ምርቱም በየደረጃው የራሱ ቁጥጥር እንደሚያስፈልገው ያስተምራል።

ዳሳሾቹ ከነዳጅ ውጭ የሚሰጡት ጥቅምም አለ። በተመሳሳይ ዘዴ የከርሰ ምድር ውኃ የሚገኝበትን የዓለት አቀማመጥ፣ ለግድብና ለድልድይ መሠረት የሚሆነውን ጠንካራ ዓለት ጥልቀት፣ የማዕድንና የእንፋሎት ኃይል ቦታዎችን ማጥናት ይቻላል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚካሄደው የመሬት መንቀጥቀጥ ክትትልም የሚደገፈው የዚሁ ዘር በሆኑ፣ ዝግተኛ ንዝረትን ጭምር በሚሰሙ ሴይስሞሜትሮች ነው።

በአንድ አካባቢ የሴይስሚክ ዳሳሽ መተከሉ የሚያበስረው ጥያቄ መነሣቱን ነው። መልሱ ከዓመታት ትንተናና ከቁፋሮ በኋላ ይመጣል፤ መልሱም «የለም» ሊሆን ይችላል። እስከዚያ ድረስ በወሬ ተመርቶ መሬት መሸጥ፣ መግዛት ወይም ብድር መግባት ለኪሳራ ይዳርጋል፤ የማሳንና የውኃ ጉድጓድን ሁኔታ አስመዝግቦ ካሣን በወቅቱ መጠየቅ ግን ነዳጁ ቢገኝም ባይገኝም የማይቀር የነዋሪው መብት ነው።